ቀይ ጣቃና የእንዶድ አረፋ

ጠና ወልደኪዳን ልጅቷን መጠርጠር የጀመረው ስንዝር ቀይ ጨርቅ የጠየቀችው ዕለት ነው።

«ስንዝር ብቻ?» አላት መቀሱን በእጁ እንደያዘ።

«ስንዝር ይበቃኛል። ግን ከአንድ ጣቃ አይደለም። ከቀዮቹ ሁሉ ትንሽ ትንሽ ቢቆርጡልኝ።»

ጠና ቀና ብሎ አያት። ጸጉሯን ወደ ኋላ ሰብስባ አስራለች። ሹራቧ እጅጌው ላይ በአንድ ነገር ተቃጥሎ በመርፌ ተጠግኗል። አማርኛዋ የአዲስ አበባ ነው፤ አንዳንድ ቃል ላይ ግን የሀዲያ ልጅነቷ ብቅ ይላል። ዓይኗ ጨርቁ ላይ እንጂ እሱ ላይ አልነበረም። ሆሳዕና ውስጥ ሰው ጨርቅ የሚገዛው ለቀሚስ ነው፣ ለሻሽ ነው፣ ለትራስ ልብስ ነው። ስንዝር ለምን ይሆናል?

ቆርጦ ሰጣት። ስትወጣ በበሩ አሻግሮ ተከተላት፤ በዓይኑ። መንገዱን ተሻግራ በቀጥታ ወደ አቶ ተገኘ ሱቅ ገባች።

ተገኘ የአባቱ ተፎካካሪ ነው። የሁለቱ ሱቆች በሮች ፊት ለፊት ናቸው፤ ባለቤቶቹ ግን ሰላምታ ከተለዋወጡ ቆይተዋል።

«አየሻት?» አላት ጠና እህቱን አስካለችን።

«የመምህር ጴጥሮስ ልጅ ገነቴ ናት» አለች አስካለች ከባንኮኒው ኋላ ጨርቅ እያጠፈች። «ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ የምትማረው። ዘንድሮ ለአገልግሎት ተመድባ እዚሁ ታስተምራለች።»

«አስተማሪ በቀይ ቁራጭ ምን ታደርጋለች?»

«አንተ ደግሞ ቀይ ካየህ ትደነግጣለህ።»

መደንገጡ ያለ ምክንያት አልነበረም። ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ሁለት ነው። ለመስቀል አባታቸው አቶ ወልደኪዳን ከመርካቶ ቀይ ጣቃ አምጥተው ለሻሽ ሸጠው ነበር። የገና በዓል ሳይደርስ የሆመቾና የሀቢቾ ሴቶች የነጣ ሻሻቸውን ይዘው መምጣት ጀመሩ። አቶ ወልደኪዳን «አጠባ አታውቁም» ብለው መለሷቸው። ሴቶቹ «አታለልከን» እያሉ ሄዱ። ለአውራጃው ጽሕፈት ቤት አቤቱታ ሊገባ ነው የሚል ወሬም ተሰማ።

ማታ ራት ላይ ጠና የልጅቷን ነገር ሲያነሣ አባቱ ጉርሻቸውን በእጃቸው እንደያዙ ቆዩ።

«ማስረጃ እየሰበሰበች ነው» አሉ። «ተገኘ ልኳት ይሆናል። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር። ተከታተላት።»

*

ጠና በማግስቱ፣ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል፣ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደ። የጥር ፀሐይ ያቃጥላል። ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ አንድ አሮጌ ዕቃ ቤት አለ፤ ገነቴ ላቦራቶሪ አድርጋዋለች ይባላል። ዝቅ ያለው ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ብልቃጦች ተደርድረዋል። በከፊሎቹ ውስጥ ሮዝ የመሰለ ውኃ አለ፤ በላዩ አረፋ ሰፍፏል። ሌሎቹ በጥቁር ጨርቅ ተጠቅልለዋል። ቀረብ ብሎ ሲያይ በየብልቃጡ አንገት ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ በአንዱ ላይ «ወ»፣ በሌላው ላይ «ተ» የሚል ፊደል።

ወ፤ ወልደኪዳን።

«ማን ልኮዎት ነው?» የሚል ድምፅ ከኋላው መጣ።

ዞረ። ገነቴ የተወቀጠ እንዶድ በሳህን ይዛ ቆማለች። ፊቷ ተቆጥቷል።

«እኔ ነኝ እንጂ የምጠይቀው!» አለ ጠና። «እርስዎን ማን ላከዎት?»

«የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በሄደበት ሁሉ ጆሮ ጠቢ እንደሚከተለው አውቃለሁ። ግን ጨርቅ ሻጩን ይልካሉ ብዬ አልጠበቅሁም። እንግዲህ ለላኩዎት ይንገሩ፤ እዚህ ወረቀት አይባዛም፣ ሰልፍ አይጠራም። እዚህ ያለው እንዶድና ፀሐይ ነው።»

«እኔ? ጆሮ ጠቢ?»

«ታዲያ ምንድን ነዎት?»

«የአባቴ ስም ብልቃጥ ላይ ተለጥፎ ያገኘሁ ሰው ነኝ!»

ገነቴ ብልቃጡን አየች፤ እሱን አየች። ከዚያ ሳታስበው ሳቀች። ጠና እንዲህ ያለ ሳቅ አልጠበቀም። ሊቆጣ ፈለገ፤ ቁጣው ግን ከሱቅ ይዞት የመጣውን ያህል አልሆነለትም።

ሳህኑን አስቀምጣ አስረዳችው። የእንዶድ ቅንጣት ሁለት ጠባይ አለው። አንድ ወገኑ ውኃ ይወዳል፤ ሌላው ወገኑ ውኃ ይሸሻል፣ ቅባትና ቀለም ግን ይወዳል። በውኃ ውስጥ ሲበዛ ክብ ሠርቶ ይሰበሰባል፤ ውኃ የሚሸሸው ወገን ወደ ውስጥ ይዞራል። ከጨርቅ የወጣ ቀለም እዚያ መሃል ገብቶ ይሸሸጋል። ሳሙናም ሥራው እንዲሁ ነው።

«ከዚያ ፀሐይ ትመጣለች» አለች። «ብርሃን ቀለምን ይሰብራል። እንግዲህ ቀለሙ እንዶዱ ውስጥ ተሸሽጎ ከፀሐይ ይድናል? ወይስ እዚያው ይብስ ይጠፋል? ጥያቄዬ ይኼ ነው። ማንም አልላከኝም።»

ጠና ግማሹ አልገባውም። የገባውንም አላመነም። ስለ ቀለም ስታወራ ግን ዓይኗ እንዴት እንደሚበራ አየ፤ ያንን አለማመን አልቻለም።

«ለምን በአባቴ ጨርቅ?»

«በተገኘም ጨርቅ ነው። ይኸው፣ ተ።»

«ነገ ተመልሼ አያለሁ» አለ ጠና ፊቱን ኮስተር አድርጎ።

«ይምጡ። እኔም እርስዎን አያለሁ።»

*

ተመልሶ ሄደ። በሳልስቱም ሄደ። ለአባቱ «እየተከታተልኳት ነው» ይላል፤ ውሸት አልነበረም። ቁራጭ ጨርቆቹን ራሱ እያመጣ፣ የትኛው ከየትኛው ጣቃ እንደሆነ ራሱ እየነገራት፣ እንዳታጭበረብር ዓይኑን ሳይነቅል ይቀመጣል። እሷም ብልቃጦቹን ወደ ውስጥ አስገብታ ሳትቆልፍ ፈቀቅ አትልም። ሁለቱም ሲጠባበቁ ውለው ሲመሽ «ደህና ይደሩ» ተባብለው ይለያያሉ።

አንድ ቀን ነፋስ ጥቁሩን መጠቅለያ ገፈፈው። ሁለቱም እኩል ተወርውረው ብልቃጡን ሲይዙ እጆቻቸው ተደራረቡ።

«ያዝኩት፤ አንቺ ልቀቂው» አለ ጠና።

«አንቺ» ማለቱ ለራሱ የታወቀው ካለ በኋላ ነው። ገነቴ እጇን ወዲያው አላነሣችም።

«አንተ ልቀቀው» አለች ቀስ ብላ። «ብልቃጡ የኔ ነው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ «እርስዎ» መባባል ቀረ። አንዳንዴ በሀዲይኛ ያወራሉ፤ ጠና የጉራጌ ልጅ ቢሆንም ሆሳዕና ተወልዶ ያደገ ነውና ቋንቋውን እንደ ውኃ ይጠጣዋል። የሺንሺቾ ገበያን፣ አባቷ በሚሽን ትምህርት ቤት ልጆች ሲያስተምሩ የሚይዙትን ዜማ፣ አዲስ አበባ ላቦራቶሪ ውስጥ ያለውን ብርሃን ሁሉ አወራችለት። ከክፍሏ ብቸኛ ሴት እሷ መሆኗን፣ መጀመሪያ ዓመት ላይ ወንዶቹ የላቦራቶሪውን ብርጭቆ ትሰብራለች ብለው እንዳያስነኳት ይሞክሩ እንደነበር ነገረችው።

«ታዲያ ሰበርሽ?»

«አንድ። እነሱ ግን ስንቱን!»

በየካቲት መጨረሻ ውጤቱ መታየት ጀመረ። ገነቴ ጨርቆቹን በጥላ ዘርግታ አሳየችው። እንዶዱ በደንብ ሳይለቀለቅ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ቀይ ሁሉ፣ የማንም ሱቅ ይሁን፣ ክፉኛ ደብዝዟል። ለቅልቀው ጥላ ላይ ያደረቁት ደህና ነው። አንዱ ግን፣ ለመስቀል የመጣው የወልደኪዳን ጣቃ፣ ጥላም ላይ ደብዝዟል።

ጠና ቁራጩን አንሥቶ ለረጅም ጊዜ አየው።

«ገነቴ፣ ይኼን ለማንም አትንገሪ።»

«እንዴት?»

«ተይው ብቻ። ጣይው። አንድ ቁራጭ ነው። ስለ እኔ ብለሽ።»

ገነቴ ፊቷ ተለወጠ። «ለዚህ ነው እስካሁን የምትመጣው? ይኼ ቁራጭ እስኪወጣ ስትጠብቅ ነበር?»

«አይደለም!»

«ያየሁትን አላየሁም አልልም፣ ጠና። ለአንተም ቢሆን። ግን ገበያ ወጥቼ አልጮህበትም፤ ሥራዬ ሳያልቅ ለማንም ቃል አይወጣኝም።»

ተለያዩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱም «ነገ» ሳይሉ ተለያዩ።

*

በሚቀጥለው ገበያ ቀን ተገኘ በሱቁ በር ላይ ቆሞ ይጣራ ነበር። «የወልደኪዳን ቀይ ቀለሙን እንደሚጥል በዩኒቨርሲቲ ተመርምሯል! ኑ ወደ እኔ!»

ሴቶች እየሳቁ አለፉ። የወልደኪዳን ሱቅ ባዶውን ዋለ። ሽማግሌው ባንኮኒው ላይ በሁለት እጃቸው ተደግፈው ቆመው ነበር፤ አስካለች ወንበር ብታመጣላቸውም አልተቀመጡም።

«ስትከታተላት የከረምከው እንዲህ ነው?» አሉት ልጃቸውን።

ጠና እየሮጠ ሄደ። ገነቴ ዕቃ ቤቷ ውስጥ ነበረች።

«ስንት ጊዜ ሳቅሽብኝ?» አላት። «እኔ እዚህ ተቀምጬ ጨርቅ ሳቀብልሽ ከተገኘ ጋር ስንት ጊዜ ተሳሳቃችሁ?»

ገነቴ ስለ ጩኸቱ ገና መስማቷ ነበር። ከንፈሯ ተከፈተ፤ ልትናገር ነበር። ዓይኑን ስታይ ግን ፍርዱ አልቆ እንደመጣ አወቀች።

«ጨርሰሃል?» አለችው።

«ጨርሻለሁ።»

«እንግዲያው በሩን ዝጋው፤ ብርሃን እየገባ ነው።»

*

ገነቴ ግን ማን እንደተናገረ እያሰበች ነበር። ለጠና ቃል ከመግባቷ በፊት ውጤቱን የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ቤት ስትገባ አባቷ መምህር ጴጥሮስ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ገልጠው ተቀምጠዋል።

«አባዬ፣ ለተገኘ የነገሩት እርስዎ ነዎት?»

መምህር ጴጥሮስ መነጽራቸውን አወለቁ። በሕይወታቸው ለልጃቸው ዋሽተው አያውቁም፤ ያን ቀንም አልዋሹም።

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ያ ልጅ እዚያ እየተመላለሰ ነበር። ነጋዴ ነው፤ ሃይማኖቱም ሌላ ነው። አንቺን ይዞ ሱቁን ሊያድን እንደሆነ ጠረጠርኩ። እንዲቀር ፈለግሁ። ተገኘ እንዲህ ገበያ ላይ ያወጣዋል ብዬ አላሰብኩም።»

ገነቴ ማልቀስ ፈልጋ ነበር፤ እንባው አልመጣም።

«ግማሹን ነው የነገሩት» አለች በመጨረሻ። «ግማሽ እውነት እኮ ከውሸት ይብሳል፣ አባዬ። ይኼን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

በማግስቱ ወደ ዳይሬክተሩ ሄዳ በገበያ ቀን ሴቶቹን በትምህርት ቤቱ ግቢ ለመሰብሰብ ፈቃድ ጠየቀች። ዳይሬክተሩ ግራ ቀኝ አዩ። «ስብሰባ አይባል፤ ሌላ ነገር ያስመስልብናል» አሉ። «የልብስ አጠባ ትምህርት ይባል።»

*

ከሆመቾም ከሀቢቾም የመጡ ሴቶች ግቢውን ሞሉት። ተገኘ እጁን አጣምሮ ከፊት ቆመ። አቶ ወልደኪዳን ባይጠሩም መጡ፤ ከልጃቸው ጋር ከኋላ ከባሕር ዛፉ ሥር ቆሙ። መምህር ጴጥሮስ ብቻቸውን አጥሩ አጠገብ ነበሩ።

ገነቴ በሁለት ዛፍ መካከል በተዘረጋ ገመድ ላይ ጨርቆቹን ሰቅላለች። በሀዲይኛ ጀመረች፤ ለነጋዴዎቹ ደግሞ በአማርኛ ደገመችው። ስለ እንዶዱ ሁለት ጠባይ፣ ስለ ፀሐይ ነገረቻቸው። ያልተለቀለቀ ልብስ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ የቀረው እንዶድና ብርሃኑ ተባብረው ቀለሙን እንደሚበሉት አሳየቻቸው።

«ይኼ የማን ሱቅ ነው?» አለች አንዲት ሴት የነጣውን ይዛ።

«የአቶ ተገኘ።»

ግቢው በሳቅ ተናወጠ። ተገኘ እጁን ፈታ። ጠና ከኋላ ሆኖ ፊቱ ሲበራ ተሰማው፤ ልታድነን ነው፣ አለ በልቡ።

«የሁሉም ሱቅ ቀይ እንዲህ ነው» ስትል ቀጠለች ገነቴ። ዓይኗ ሰዉን አቋርጦ ጠና ላይ አረፈ። «አንድ ግን አለ። ለመስቀል የመጣው የአቶ ወልደኪዳን ጣቃ ጥላ ላይም ደብዝዟል። ቀለሙ ከፋብሪካው ደካማ ነው። አጠባ አታውቁም የተባላችሁት እናንተ አልተሳሳታችሁም። እሳቸውም ሲሸጡላችሁ አላወቁም። አሁን ግን ሁላችንም አወቅን።»

አቶ ወልደኪዳን በሰዉ መካከል እያለፉ ወደ ገመዱ ሄዱ። ጨርቁን በጣታቸው አሹት፤ እንደ ነጋዴ ገልብጠው አዩት።

«እውነቷን ነው» አሉ። «ሆሳዕና ገና ዋቸሞ ስትባል ስገባ በጀርባዬ ሸክም ይዤ ነው የመጣሁት። ሸክሙን ያወረዳችሁልኝ እናንተ ናችሁ። ሻሹን የገዛች ሁሉ ትምጣ፤ ያንን ትመልስና ሌላ ትውሰድ። አጠባ አታውቁም ያልኩትንም ይቅር በሉኝ።»

አንዲት አሮጊት እልል አለች። ሌሎቹ ተቀበሏት።

መምህር ጴጥሮስም ከአጥሩ ተነሥተው መጡ። ከአቶ ወልደኪዳን ፊት ቆመው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ወሬው ከእኔ ነው የወጣው። ልጄ አላወቀችም» አሉ።

ጠና ይህን ሲሰማ ገነቴን የወቀሰባቸው ቃላት ትዝ አሉት።

*

ወደ ዕቃ ቤቱ ለመሄድ ድፍረት እስኪያገኝ ሳምንት አለፈ። ሲደርስ ገነቴ ብልቃጦች እያጠበች ነበር። ቀና አላለችም።

«ገነቴ፣ በድያለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«ምን ላድርግ?»

ብልቃጡን ደፍታ አስቀመጠች። «መጠርጠርህ አላስከፋኝም። ጥርጣሬ የኔም እንጀራ ነው። ግን እኔ አንድ ነገር ስጠረጥር ብርሃን ላይ አወጣዋለሁ፤ እጠብቃለሁ፤ ደግሜ አያለሁ። አንተ ሳትጠይቀኝ ፈረድክ። ያ ነው ያቆሰለኝ።»

«እንግዲያው አሁን ልጠይቅሽ?»

«ጠይቅ።»

የተዘጋጀበት ቃል ሁሉ ጠፋው። ቆርቆሮው ከሙቀቱ የተነሣ ይንኳኳል።

«ትወጅኛለሽ?»

ገነቴ እርጥብ እጇን በሹራቧ ጠረገች። «ገመዱ ሥር ቆሜ ያን ጣቃ ስጠራ፣ ከእንግዲህ ዓይንህን እንደማላየው አስቤ ነበር። እግሬ ተንቀጥቅጧል። ካልወደድኩህ ለምን ይንቀጠቀጣል?»

*

ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ሲያጉረመርም፣ የአቶ ወልደኪዳን ሽማግሌዎች ከእሳቸውና ከጠና ጋር መምህር ጴጥሮስ ቤት ገቡ። ስለ ሃይማኖት ብዙ ተባለ። ሁለት ቤት ሁለት ጸሎት እንዴት ይሆናል ተባለ። መምህር ጴጥሮስ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ።

«አንድ ጊዜ በጥርጣሬ ጣልቃ ገብቼ ሰው ጎድቻለሁ» አሉ። «ሁለተኛ አልገባም። እሷ ትጠየቅ።»

ያልተለመደ ነበር፤ ግን ተጠራች። ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ እንደ ሁልጊዜዋ ጸጉሯን ወደ ኋላ አስራ ገባች።

«እወደዋለሁ» አለች፤ ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። «እያንዳንዳችን በየእምነታችን እንኖራለን፤ ያንን ተነጋግረናል። አንድ ነገር ግን አለ። መስከረም ላይ ዩኒቨርሲቲ እመለሳለሁ። ስጨርስም ሥራዬ እዚያው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ይኼን የጀመርኩትን አልተውም። የሚመጣ ከሆነ ይምጣ።»

ሁሉም ወደ ጠና ዞሩ። ጠና ደግሞ ወደ አባቱ። የቤቱ ብቸኛ ወንድ ልጅ ነው፤ ሱቁ ለእሱ እንደሚቆይ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲነገረው አድጓል።

«እሄዳለሁ፣ አባባ» አለ።

አቶ ወልደኪዳን ዝናቡን እያዳመጡ ቆዩ። ፊታቸው ላይ ምን እንዳለ ማንም ማንበብ አልቻለም።

«ሱቁን የምትይዘው አስካለች ናት እንግዲህ» አሉ በመጨረሻ። «እውነቱን ከተናገርን ድሮም የያዘችው እሷ ናት። አንተ ዘንድሮ የዋልከው ብልቃጥ ስትጠብቅ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። መምህር ጴጥሮስም ከደፉበት ቀና ብለው ሳቁ። ጠና ግን አልሳቀም፤ ገነቴ አሻግራ እያየችው ነበርና ሌላ ነገር አልታየውም።

በዓመቱ ተጋቡ። አዲስ አበባ አማኑኤል ሠፈር ቤት ተከራዩ። ጠና መርካቶ ጨርቅ መሸጥ ጀመረ፤ ገነቴ ተመርቃ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ቀረች። ሥራዋ ስለ ብርሃንና ስለ ሳሙና ሆነ፤ አንዱ ጥያቄ ሌላውን እየወለደ ዓመታትን በላ። አመሻሹ ላይ ጠና ሱቁን ዘግቶ ይመጣና ከላቦራቶሪው ውጪ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃታል።

የግቢው ዘበኛ እያየው ከረመና አንድ ቀን ጠየቀው።

«ለመሆኑ ባለቤትህ እዚህ ውስጥ ምን ትሠራለች?»

«ፀሐይና ሳሙና ቀለም ላይ ሲገናኙ ታያለች።»

«ታዲያ ይጣላሉ ወይስ ይስማማሉ?»

ጠና በሩ ሲከፈት ሰማ። ገነቴ ጋዋኗን እያወለቀች ወጣች፤ ደክሟታል፤ ሲያያት ፈገግ አለች።

«እሱን ገና እያጣራችው ነው» አለ ጠና፤ ተነሥቶም ቦርሳዋን ተቀበላት።